ስቶቭ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ድስታችሁን ገልብጣችሁ እዩት

ሰሞኑን ቤት ሚያደራጅ ሰው ሁሉ "ስቶቭ የቱ ይሻላል?" እያለ ይጠይቀኛል፣ ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፣ ሰርጉ የተቃረበ አለ፣ ከከሰል ጭስ መገላገል የፈለገ አለ፣ እና አብዛኛው ሚጠይቀኝ ሱቅ ገብቶ ያቺን ጥቁር መስታወት ስቶቭ አይቶ ልቡ ከሄደ በኋላ ነው። ታምራለች፣ አልክድም፣ ለማጽዳትም አንዴ እርጥብ ጨርቅ ማሳለፍ ብቻ ነው። ግን ባህርዳር ላይ ስቶቭ ሚመረጠው በመልኩ ሳይሆን ባላችሁ ድስትና ቤታችሁ በገባው የመብራት መስመር ነው። እነዚህን ሳያዩ መግዛት ብር መጣል ነው፣ ዛሬ ባለው የዕቃ ዋጋ ደግሞ ያንገበግባል።

ከድስቱ ልጀምር። እስኪ ማድ ቤት ግቡና ያላችሁን ሁሉ አውጥታችሁ ገልብጡት። እኛ ሰፈር አብዛኛው ቤት ያለው አልሙኒየም ድስት ነው፣ ከዛ ለሽሮ ሸክላ ድስት፣ አንድ ሁለት መጥበሻ፣ ጀበና፣ ምናልባት ከሰርግ ስጦታ የተረፈ ስቴንለስ ሴት። አሁን ትንሽ ማግኔት ፈልጉና ቂጡ ላይ ለጥፉበት። ከያዘ ለኢንዳክሽን (ከጥቁር መስታወት ስቶቮቹ አንዱ አይነት ነው) ይሆናል፣ ካልያዘ አይሆንም፣ አለቀ። ኢንዳክሽን እሳት የለውም፣ ከመስታወቱ ስር ያለው የመዳብ ጥቅል የማግኔት ሃይል ይልክና ሚግለው ራሱ የድስቱ ብረት ነው፣ ስለዚህ አልሙኒየሙም ሸክላውም ጀበናውም እላዩ ላይ ቢውሉ ቢያድሩ አይሞቁም፣ ስቶቩ ድስት የለም ብሎ እየጮኸ ይቆይና ራሱን ያጠፋል። ስቴንለስ የተባለም ሁሉ አይይዝም፣ አንዱ ይይዛል አንዱ አይይዝም፣ ስሙን አትመኑ ማግኔቱን እመኑ።

የወንድሜ ሚስት አባይ ማዶ ቤት ገብተው ማድ ቤቱን ስታሟላ አብሬያት ገበያ ወጥቼ ነበር። ባለሱቁ ልጅ "እህቴ ይሄ ኢንዳክሽን ነው፣ ለፈለግሽው ድስት ይሆናል" አላት። እኔ ወዲያው "እስኪ ወንድሜ ሰካልንና እንየው" አልኩት። ሰካው፣ ትንሽ ቆየና መስታወቱ ከስር ፍም መስሎ ቀላ። ይሄ ኢንዳክሽን ሳይሆን ኢንፍራሬድ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም ያው ጥቁር መስታወት ስለሆኑ ብዙ ሰው ይምታታበታል፣ ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው፣ ኢንፍራሬዱ ውስጡ ያለው ሽቦ ግሎ መስታወቱን ያግላል፣ መስታወቱ ደግሞ ድስቱን፣ ስለዚህ ማንኛውንም ድስት ያሞቃል። ልጁም ክፋት አይደለም፣ ካርቶኑን አምኖ ነው። "እትዬ ታዲያ የቱ ይሻለኛል?" ስትለኝ ድስቶቿ በሙሉ አልሙኒየም ስለሆኑ ከሁለቱ ይሄ ይሻልሻል አልኳት፣ ድስት በሙሉ ቀይሮ ኢንዳክሽን መግባት ለጀማሪ ቤት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

ግን ለኢንፍራሬዱም ለፕሌቱም (ያ ጥቁር ክብ ብረት ያለው ማለቴ ነው) የድስቱ ቂጥ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ብዙ ዓመት ያገለገለ አልሙኒየም መሃሉ ይነፋል፣ ማስመሪያ ቂጡ ላይ አጋድማችሁ እዩት፣ ከስሩ ብርሃን ካሾለከ ብረቱን ሚነካው በትንሽ ቦታ ብቻ ነው፣ ሌላው ሙቀት ማድ ቤቱን እያሞቀ ይቀራል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባህርዳርን ሙቀት ሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ወጡ። እኔ ስቶቭን ምፈትነው በዶሮ ወጥ ቁሌት ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በላይ ስቶቭን ሚያስጨንቅ ነገር አላውቅም። ሽንኩርቱ መጀመሪያ በደረቁ ነው ሚማሰለው፣ ውሃው እስኪመጥ ጠንከር ያለ እሳት ይፈልጋል፣ ከዛ ዘይቱ ይገባል፣ በርበሬው ሲገባ ደግሞ እሳቱ እዛው በዛው መውረድ አለበት፣ ትንሽ ከዘገየ በርበሬው ያርራል፣ ካረረ ደግሞ በምንም አይመለስም፣ ምረቱ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል። ጋዝ እዚህ ላይ ወደር የለውም፣ ቁልፉን መለስ ስታደርጉት እሳቱ በዛችው ሰኮንድ ይወርዳል። ፕሌት ብታጠፉትም ግሎ ይቆያል፣ ስለዚህ በርበሬውን ከመጨመራችሁ ቀደም ብላችሁ ቀንሱት፣ ወይ ድስቱን አንስታችሁ ጎን አሳርፉት፣ ከለመዳችሁት ግን የፕሌት ቀሪ ሙቀት ለወጥ ማንተክተክ ግሩም ነው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል አጥፍታችሁት በዛው ግለት ይጨርሳል። ርካሽ ኢንዳክሽን ደግሞ እዚህ ላይ ያበሳጫል፣ ዝቅተኛው ላይ ስታደርጉት እሳቱን አያለዝበውም፣ ሙሉ ሃይል ይሰጥና ይቆማል፣ እንደገና ይሰጥና ይቆማል፣ ቁሌቱ በሰጠበት ቅጽበት ከስር ይይዛል። ጥሩዎቹ እንደዚህ አያደርጉም ግን ዋጋቸው ሌላ ነው።

ሰው ኢንዳክሽንን ሚወደው ግን ያለ ነገር አይደለም። ሚበላው መብራት ከ100 እጅ 85ቱ አካባቢ ድስቱ ውስጥ ይገባል፣ ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ 70 ምናምን፣ ጋዝ ደግሞ 40 ቢሆን ነው፣ ሌላው በድስቱ ጎን ሽቅብ ይሄዳል። እዚህ ከባህር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆንን ውሃ ሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው (ባቄላና ሥጋ ለመብሰል ጊዜ ሚፈጅብን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው አይቆጨውም)። ሁለት ሊትር ውሃ በ2000 ዋት ኢንዳክሽን 6 ደቂቃ ገደማ ላይ ይፈላል። ብቻውን ለሚኖር ሰው፣ ሻይና ፓስታና እንቁላል ለሚሰራ ተማሪ፣ አንድ ማግኔት ሚይዝ ድስትና አንዲት ባለ አንድ ኢንዳክሽን በቂው ናት።

መብራቱ ላይ ግን ቆም ልበል፣ ሰው ሁሉ ሚዘለው እዚህ ጋ ነው። የጢስ ዓባይ ማመንጫ አጠገባችን፣ ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ከዚሁ ከጣና ውሃ እየወሰደ ያመነጫል፣ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ ታዲያ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስቶቩ ለምን ይደክማል ትላላችሁ። ማመንጫው ብዙ ስለሆነ ሰፈር ውስጥ ያለው ትራንስፎርመርና ከፖሉ እስከ ቤታችሁ ያለው ሽቦ አይወፍርም፣ ሁሉም ሰው በአንዴ እራት ሲያበስል ቮልቴጁ ይወርዳል። ቮልቴጅ ትንሽ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ ሚወርደው በዛው ልክ አይደለም፣ ከ220 ወደ 180 ከወረደ የ2000 ዋት ምድጃችሁ ሚሰጠው 1340 ዋት አካባቢ ብቻ ነው፣ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ይሄ በደንብ ሚታየው አሳ ሲጠበስ ነው። ቆሮሶ ሚባለውን አሳ ሙሉውን ዘይት ውስጥ ስትከቱት ዘይቱ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ስቶቩ ጉልበት ካለው ከአፍታ በኋላ ተመልሶ መንጨርጨር ይጀምራል፣ ጉልበት ካጣ ዘይቱ ዝም ይላል፣ አሳው ዘይት ይጠጣል፣ ቆዳው ከመጥበሻው ጋር ይጣበቅና ስትገለብጡት ይገነጠላል። ሰው አሳውን ያማል፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። ኢንዳክሽን ደግሞ ቮልቴጅ በጣም ሲወርድበት አይደክምም፣ ኮድ ያሳይና ጭራሽ ያጠፋል።

ሌላው የቤቱ መስመር ነው። 2000 ዋት ማለት 9 አምፔር ነው፣ ባለ ሁለቱን ፕሌት በአንዴ ብትከፍቱት እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3500 ዋት ከሆነ 16 አምፔር ነው። ሁለቱን በአንድ ሶኬት፣ ባስ ሲልም በዲቫይደር ማሰራት ቤት ማቃጠል ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት። ስቶቩ ከቆጣሪ ጀምሮ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ይኑረው፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ለምጣድና ለትልልቅ ስቶቭ ባለ 4 ያስገቡላችሁ። ያለው ሶኬት ይችል እንደሆነ ለማየት ሩብ ሰዓት አብስሉና ስቶቩን አጥፍታችሁ ስፒናውን ንቀሉት፣ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅ ሚያቃጥል ከሆነ ሶኬቱ እያለቀ ነው።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ግቢ አራት አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ፣ አከራይዋ "ምድጃ አይቻልም" ያሉበት ምክንያት አለ፣ ታሪፉ በደረጃ ስለሆነ የሁሉም ፍጆታ አንድ ላይ ሲደመር ወደ ላይኛው ደረጃ ይገባል፣ ሂሳቡም ሲመጣ ጠብ ነው። እንደዚህ ላለ ቤት ጋዝ ሰላም ነው፣ ማንም ጋ ሳይደርሱ የራስን መክፈል ነው።

ጋዙም የራሱ ነገር አለው። ሲሊንደር መሙያ አንዳንዴ ይጠፋል፣ ወረፋም አለ፣ ስለዚህ ጋዝ ብቻ አድርጎ መቀመጥም አያስተማምንም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቢያፈተልክ መሬት ለመሬት ነው ሚተኛው፣ ከላይ ያለችው መስኮት ብቻዋን አታወጣውም፣ በሩ ስር ወይ ግድግዳው ግርጌ ክፍተት ያስፈልጋል፣ የተሻለው ሲሊንደሩን ውጭ በረንዳ ላይ አቁሞ ጎማውን ማስገባት ነው። ማፈትለኩን በሳሙና አረፋ ነው ሚታየው፣ ሬጉሌተሩና የጎማው መጋጠሚያ ላይ ቀቡት፣ አረፋው ከተነፋ ያፈተልካል፣ ክብሪት ጭሮ ማየት ግን የለም። እሳቱ ሰማያዊ ይሁን፣ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ አየር አንሶታል። ከውጭ ዘመድ የላከው ስቶቭ ላይ በተለይ ይሄን እዩ፣ እዛ ሀገር በቧንቧ ለሚመጣ ጋዝ የተሰራ ከሆነ የጋዝ መውጫ ቀዳዳው (ኖዝሉ) ለኛ ሲሊንደር ይሰፋል፣ እሳቱ ትልቅና ቢጫ ሆኖ ይንቀለቀላል፣ ኖዝሉን ማስቀየር ግድ ነው። ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከጣና ሚመጣውን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ መስኮት ስር የተቀመጠ ስቶቭ እሳቱ ይጠፋና ጋዙ ዝም ብሎ ይወጣል፣ ስለዚህ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ ሚዘጋ ሴፍቲ ያለውን ጠይቁ። ሱቁ ውስጥ ቀላል መለያ አለው፣ በርነሩ ጠርዝ ላይ እሳቱን ከሚለኩሰው ዘንግ ሌላ አንድ ተጨማሪ ትንሽ ዘንግ ብቅ ብሎ ይታያል።

ሽቦው ከላይ ሚታየው የሸክላ ምድጃ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ቤት አለ፣ እኔ ልጅ ያለበት ቤት ባይገባ ደስ ይለኛል። ሽቦው ላይ ያለው መብራት ነው፣ ወጥ ሲገነፍል ወይ ድስቱ ሽቦውን ሲነካ ይነዝራል፣ ሰውም በዚህ ይጎዳል።

ቡናውን በከሰል ተዉት፣ ጀበና ቂጡ ክብ ስለሆነ ፕሌት ላይ አይቀመጥም፣ ከሰል ላይ ሲሆን ደግሞ ጣዕሙም ወጉም አለ። ብቻ በረንዳ ላይ ይሁን፣ ክረምት ነው ብሎ ምድጃውን ቤት አስገብቶ በር መዝጋት አደጋ ነው፣ የከሰሉ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

እና የቱን ትገዣለሽ ካላችሁኝ፣ የራሱ ቆጣሪ ላለው ቤተሰብ እኔ ምመርጠው ቅይጡን ነው፣ ሁለት ጋዝ ሁለት ፕሌት ያለበትን፣ ወይም አቅም ካልፈቀደ ባለ ሁለት የጋዝ ስቶቭና ለብቻው ባለ አንድ ፕሌት። መብራት ሲጠፋ ጋዙ አለ፣ ጋዙ ሲያልቅ ፕሌቱ አለ፣ ቁሌቱ ጋዝ ላይ፣ ምስርና ሽሮው ፕሌት ላይ። ወንድሜ ቤትም መጨረሻ ላይ የገባው ይሄ ነው፣ ኢንፍራሬዱን ትተን ማለት ነው፣ ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ መጥቶ መስመሩን ለየ፣ ስቶቩ ከዛ በኋላ ተገዛ፣ ስትገዙም ከፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ፕሌቶቹን ተራ በተራ አስሰኩና በእጃችሁ ሙቀታቸውን ከላይ እዩ፣ የጋዙን ቁልፎች ጫን አድርጋችሁ ስትለቋቸው መለስ ሚሉ መሆናቸውን አረጋግጡ፣ መለዋወጫ ፕሌትና ኖዝል ይኖራችኋል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፣ የለንም ካሉ ሌላ ሱቅ እዩ።