ማደያ የተማርኩትን እየከለስኩ ነው

የራሴን መኪና በራሴ እጅ መንከባከብ መለማመዴን ቀጥያለሁ። ባለፈው ዘይት ቀየርኩ። የዚህ ሳምንት ሥራ የዕለት ፍተሻና ጎማ ነው። ለዚህኛው እንኳ አዲስ አይደለሁም። ተማሪ ሳለሁ ክረምት ክረምት ተክለሃይማኖት አካባቢ ማደያ እሠራ ነበር። መስታወት እወለውላለሁ፣ ኮፈን ከፍቼ ዘይትና ውሃ አያለሁ፣ ጎማ እነፋለሁ። ገቢዬ ጉርሻ ናት።

ሰው ወርዶ ለራሱ ሲቀዳ ያየሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው። ኒው ጀርሲ ብቻ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ከልክላ እስካሁን በቀጂ ታስቀዳለች። እዚያ ሳልፍ አገሬ የገባሁ ይመስለኛል።

ዋናው ቀጂ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ በቁጣ ነበር የሚያስተምረው። «መጀመሪያ ጥረገው! ከዚያ መልሰህ ክተተው!» ይላል፣ የዘይት መለኪያውን። አሁንም የምሠራው እንደዚያው ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይለፈው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ አካልና በላይኛው ክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው።

እኔ የምወደው ግን ጠዋት ጠዋት የመሬት ውስጡን ታንከር መለካት ነበር። የረጅሙ ዘንግ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ ቅባት እንቀባለን። ቤንዚን ከውሃ ስለሚቀል ውሃው ከሥር ይተኛል። ክረምት ደግሞ ዝናቡ በክዳኑ ይሰርጋል። ቀለሙ ከተለወጠ ፓምፑ ይዘጋል፣ ባለታክሲው የፈለገውን ቢጮህ። ቦቴ ሲራገፍም ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ ጎደለ፣ አልጎደለም። ሾፌሩ ነበር የሚጠረጠረው። ዛሬ ሳሰላው፣ ቤንዚን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠኑ ወደ 0.1 በመቶ ይለዋወጣል። ቆላ ላይ የተጫነ 40,000 ሊትር አዲስ አበባ ደርሶ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ወደ 400 ሊትር ይቀንሳል። ስንቱን ሾፌር በከንቱ አምተነዋል!

ሁለት የማደያ ልማዶች ግን ትቻለሁ። አንዱ ታንኩ ሲሞላ መኪናውን ነቅንቆ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ነው። ለዚያ ዘመን ላዳ ምንም አይደለም። ያሁኑ መኪና ግን የነዳጅ ትነት የሚይዝ የከሰል ጣሳ አለው፤ ነዳጅ ከገባበት ይበላሻል። ስለዚህ መቅጃው ቀጭ ብሎ ሲቆም እኔም አቆማለሁ።

ሁለተኛው ከአዋሽ የመጣ ከባድ መኪና ጎማው ሲግል ማስተንፈስ ነው። እንደዋዛ ነበር የምናደርገው፣ ግን ስህተት ነው። ሲሞቅ ግፊቱ መጨመሩ ያለ ነው፤ ያኔ ካስተነፈስከው ሲቀዘቅዝ ከልኩ በታች ይወርዳል። የሚለካው ጠዋት ነው፣ ሳይነዳ። ልኩ ሾፌሩ በር ጎን ተለጥፏል። ጎማው ራሱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አትከተሉ።

በዚህ መንገድ ስለካ የኋላ ግራው ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በሳሙና ውሃ ሳየው ሚስማር ነው። ቀጣዩ ሥራ የፍሬን ዘይት ነው፤ የሠራችሁት ካላችሁ፣ ከየትኛው ቸርኬ ነው የጀመራችሁት?