ዮርክሻየር ውስጥ “ስታርቭድ” ያሉ አዛውንት ዳቦ አይደለም የሚፈልጉት

እንግሊዝ አገር አረጋውያን መጦሪያ ለመቀጠር የምትዘጋጁ እህቶችና ወንድሞች፣ የቋንቋ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃችሁም። እኔ የምሠራው በሰሜን፣ ዮርክሻየር ውስጥ ነው። እዚህ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ሲያማቸውም ሲጨንቃቸውም የሚናገሩት አፋቸውን በፈቱበት እንግሊዝኛ ነው። ቃሉ የምናውቀውን ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው።

“ስታርቭድ”ን እንያት። እኛ የምናውቃት በረሃብ መጎዳትን ነው። የዮርክሻየር አዛውንት “ስታርቭድ ነኝ” ካሉ ግን ብርድ ገድሏቸዋል። ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ “ሞተ” ማለት ነበር፤ ኋላ በብዙው አገር ለረሃብ ሲውል ሰሜኖች ለብርድም አዋሉት። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሌሊት ደውለው ይህንኑ ሲሉ አዲሷ ባልደረባዬ ዳቦ ልትጠብስ ወደ ኩሽና አመራች። እኔ ብርድ ልብስ ይዤ ገባሁ። እግራቸውን ስዳብሰው በረዶ ነው። “ታንክስ ላቭ” ብለው እጄን ያዙ፤ እስኪሞቃቸውም አለቀቁኝም። በዚያ ዕድሜ ብርድ ቀላል ነገር አይደለም።

“ስኔክ”ን ከ“ስናክ” ለዩ፦ የመጀመሪያው የበር መቀርቀሪያ፣ ሁለተኛው መክሰስ ነው። “ኔሽ” ብርድ የማይችል ሰው ሲሆን “ኖሽ” ምግብ ነው። “ሌክ” ሲሏችሁ ደግሞ ሐይቅ ላይሆን ይችላል፤ መጫወት ማለትም ነው። በ866 ዮርክን ከያዙትና እዚያው ከሰፈሩት ቫይኪንጎች ቋንቋ የቀረ ቃል ነው። “ገና”ን አጥብቀን ለበዓሉ፣ አላልተን “ገና ነው” ለማለት የምንጠቀም ሰዎች ይህ አይከብደንም።

የሥራ ሰዓት ስትቀበሉ “ዋይል”ን አደራ። “ናይን ዋይል ፋይቭ” ካሏችሁ ከዘጠኝ እስከ አምስት ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር።

እነዚህን ቃላት ያልተማረ ሰው ንግግር አድርገው የሚንቁ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ቅጽ የእንግሊዝኛ ቀበሌኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጆሴፍ ራይት የዚሁ አገር ልጅ ነበር። በልጅነቱ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ፣ ማንበብ የቻለው በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በኋላ ኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልን አሁን አስቀድሜ የምነግረው “ስታርቭድ”ንና “ዋይል”ን ነው። ሌላውን አዛውንቶቹ ራሳቸው ያስተምሩታል፤ ቀስ ብሎ ለጠየቃቸው ደስ ብሏቸው ይነግሩታል።