የወይራ ጭስ ለለመደ አፍንጫ

ታናሽ ወንድሜ ከለንደን ሲመጣ አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ላፍሮይግ የሚባል የስኮትላንድ ውስኪ፣ የ10 ዓመቱ። «ይሄ እንደ ለመድከው ውስኪ አይደለም፣ ኮካ እንዳትጨምርበት» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ገና ክዳኑን ከመክፈቱ እማዬ ከጓዳ «ማነው የቆሰለው?» ብላ ጮኸች።

እውነቷን ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ሽታ ክሊኒክ ነው፤ አዮዲን፣ ፋሻ፣ ከዚያ የጠፋ እሳት አመድ። እኔማ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ጠርጥሬ ነበር። በኋላ እንደገባኝ ግን አድናቂዎቹ ገንዘብ የሚያወጡት ለዚሁ ሽታ ነው። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በታገደበት ዘመን እንኳ መድኃኒት ነው ተብሎ ይገባ ነበር ይባላል። ያንን አፍንጫ ላይ ያስጠጋ የጉምሩክ ሰው ለምን ይጠራጠራል?

ላፍሮይግ ሲንግል ሞልት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ መጥመቂያ ቤት የተሠራ ማለት ነው። «ብቅል» የሚለውን ቃል ስትሰማ እማዬ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ወንድሜ ያስረዳታል፤ ገብሱን ይዘፈዝፉታል፣ ያበቅሉታል፣ ከዚያ ያደርቁታል።

«እንደኛው ነዋ!» አለች።

እስከሚበቅልበት ድረስ አዎ። እኛ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ላፍሮይግ የሚሠራባት አይላ የምትባለው የስኮትላንድ ደሴት ግን ነፋስና ዝናብ የማይለያት፣ ዛፍም ብዙ የሌላት ናት። ያላት ፒት ነው፤ ለሺህ ዓመታት ረግረግ ውስጥ ተኝቶ በቅጡ ያልበሰበሰ ሣርና ቅጠል። በአካፋ እንደ ጡብ ይቆርጡታል፣ ያደርቁታል፣ እንደ ኩበት ያነዱታል። እርጥቡ ብቅል ጭሱን ይጠጣዋል። እኛ እንስራውን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥናለን፣ እነሱ የሚያጥኑት እህሉን ራሱን ነው። ለዚህ ነው ጭሱ ተጣርቶም፣ 10 ዓመት በርሜል ውስጥ ተቀምጦም የማይለቀው።

ጣዕሙ? የመጀመሪያው ጉንጭ ጣፋጭ ነው፣ ቫኒላ ቫኒላ ይላል፤ በርሜሉ ቀድሞ በርበን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ የነበረበት ስለሆነ ነው። ከዚያ ጭሱ ከጉሮሮ ተነስቶ በአፍንጫ ይወጣል፣ ምላስ ላይ ጨው ጨው የሚል ነገር ይቀራል። ሁለተኛው ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨመርኩ፤ የክሊኒኩ ሽታ ትንሽ ሸሸ፣ ሎሚ ነገርም ብቅ አለ። በረዶ ግን አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሽታውን አፍኖ አመዱን ብቻ ያስቀረዋል።

ወደድኩት? በሦስተኛው ጉንጭ፣ አዎ። ወይራ የታጠነ ጠላ ጠጥቶ ላደገ ሰው ጭሱ እንግዳ አይደለም፤ የሚከብደው አዮዲኑ ነው። ወንድሜ እንደሚለው አርድቤግ የሚባለው ሌላው የዚያው ደሴት ውስኪ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለጊዜው ይቆየኝ።

እማዬ አልቀመሰችም። አሸተተችና «ጭሱን አብዝተውበታል፣ የሚያጥነው ሰው እንቅልፍ ወስዶት ነው» አለች። በማግስቱ ጠዋት የታጠበውን ብርጭቆ አንስታ እንደገና አሸተተችው፣ ከዚያ ከሌሎቹ ለይታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። እስካሁን እዚያው ነው።