"በሬ ትልቅ ነው" ብላችሁ እንዳትጽፉ

ጅማ ውስጥ ቤታቸው ኦሮምኛ የሚወራ ልጆችን አማርኛ አስጠናለሁ፣ እና አምና የእርሻ ቃላት መለማመጃ ላዘጋጅላቸው ተነሳሁ። ቃል መምረጡ መተየቡ የሁለት ቀን ስራ ነው፣ እሱን እለፉት። ያቃጠለችኝ "በሬ" የምትለዋ ቃል ናት።

እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት "ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ዋለ" እና "ከሂርማታ ገበያ የተገዛው በሬ ቀንበር አልለመደም" ነበር። ወረቀቱን የሚያዩት ኃላፊ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙብኝ፣ ለጀማሪ ከሶስት ቃል አይለፍ፣ መመሪያ ነው አሉ። "ጋሼ፣ ማረሻና ቀንበሩ ከወጣ እኮ በሬ መሆኑ በምን ይታወቃል?" ብላቸው "አታካብጂው" ብለው ስልካቸውን አነሱ። ደክሞኝ ስለነበር እሺ አልኩ (እስካሁን የሚቆጨኝ ይቺ እሺታ ናት)፣ "በሬ ትልቅ ነው" ብዬ ጽፌ ከስሩ "አንብባችሁ ስዕል ሳሉ" አልኩና በገዛ ብሬ 40 ኮፒ አስባዛሁ።

ወረቀቱ ሲሰበሰብ ግማሹ ልጅ በር ነው የሳለው! መጋረጃ ያለው በር፣ ጓጉንቸር ያለው በር፣ አንዷማ የቆርቆሮ በር ከነቤት ቁጥሩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዛ ነው የገባኝ። "ሬ" ላልቶ ከተነበበ የሚያርሰው በሬ ነው፣ በኦሮምኛ ቆቲዮ፣ ጠብቆ ከተነበበ ደግሞ የኔ በር፣ በሩን በኦሮምኛ በልበላ የሚሉት፣ ፊደላችን ደሞ መጥበቅ መላላቱን አያሳይም፣ እኛ አፍ ስለፈታንበት አይታወቀንም እንጂ ልጆቹ ምንም አላጠፉም። አንዱ "ቲቸር፣ በቁቤ ቢሆን እኮ ሁለቴ ይጻፍ ነበር" አለኝ፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል ማለቱ ነው፣ የሚጠብቀው ድምፅ እዛ ይደገማል። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው።

ስዕሎቹን ይዤ ኃላፊው ጋ ሄድኩ፣ አገላብጠው አዩና "ልጆቹ አላጠኑም" አሉኝ። በቃ ይሄው ነው።

የሶስት ቃሉን መመሪያ ተዉት በኔ ይሁንባችሁ። በሬ ካላችሁ አጠገቡ የሚያርስ፣ የሚጠመድ፣ ሳር የሚግጥ ነገር አስገቡ፣ ስድስት ቃል ቢሆን ማንም አይሞትም፣ ካልሆነም "በሬው" በሉ፣ "ው" ከገባች በር ሊሆን አይችልም። "ገና" እና "አለ" ላይም እንደዚሁ ጉድ ትሆናላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ በሁለቱም መንገድ ሳታነቡ ኮፒ ቤት እንዳትሄዱ።

አንዱ ልጅ ግን የተከፈተ በር ስሎ በሬው አንገቱን ከነቀንዱ ብቅ አድርጎ ውጪውን ያያል። አስር ከአስር ሰጠሁት።