ማስቶዶን ላይ ሰርቨር ስትመርጡ «በኋላ ትቀይሩታላችሁ» የሚላችሁን አትስሙ

ማስቶዶን የተለያዩ ሰዎች በሚያስተዳድሯቸው ብዙ ሰርቨሮች ላይ የቆመ ማኅበራዊ መረብ ነው፤ አካውንታችሁ የሚኖረው ከሰርቨሮቹ በአንዱ ላይ ነው። መጀመሩ ቀላል ነው። ሰርቨር ትመርጣላችሁ፣ ስም፣ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ትሞላላችሁ፣ የሚላክላችሁን ኢሜይል ታረጋግጣላችሁ፤ አለቀ። ዋናው ገጽ የምትከተሉትን ብቻ ስለሚያሳይ መጀመሪያ ባዶ ነው፤ በምትወዱት ጉዳይ ሃሽታጎችን ብትከተሉ ቶሎ ይሞላል።

ጣጣው ያለው ሰርቨር መምረጡ ላይ ነው። ለጀማሪዎች የሚሰጠው መመሪያ «ብዙ አትጨነቁ፤ ካልተስማማችሁ ትዛወራላችሁ» የሚል መንፈስ አለው። እኔ የገባሁበት አንድ ሰው በበጎ ፈቃድ የሚያስተዳድረው ትንሽ ሰርቨር ነበር። ደስ ይል ነበር፤ አስተዳዳሪው ደክሞኛል፣ ልዘጋው ነው ብሎ አጭር ማስታወቂያ እስከለጠፈ ድረስ። መድከሙን አልነቅፍም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው። ያናደደኝ የሰጠን ጊዜ ማጠሩ ነው። በማስቶዶን ይፋዊ ዝርዝር የሚገቡ ሰርቨሮች ከመዘጋታቸው በፊት ቢያንስ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ቃል ይገባሉ። የእኛው ከዝርዝሩ ውጭ ስለነበር እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረበትም።

ለመዛወር መጀመሪያ አዲስ አካውንት ትከፍታላችሁ፤ እዚያም የድሮው አድራሻ የእናንተ መሆኑን ታስመዘግባላችሁ። ከዚያ ወደ ድሮው ተመልሳችሁ ዝውውሩን ታዝዛላችሁ። ለተከታዮቻችሁ መልእክቱን የሚያደርሰው የድሮው ሰርቨር ነው፤ እሱ ከሞተ ዝውውር የለም። የእኛው ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጣ ሲጋፋ መሥራት ተሳነው። ቁልፉን እጫናለሁ፣ ስህተት ይመጣል። እንደገና እጫናለሁ፣ ያው ነው። ለአስተዳዳሪው ብጽፍለት «ታገሡ» አለኝ። በሚፈርስ ቤት ውስጥ ሆኖ ታገሡ! በመጨረሻ ሰው በተኛበት ሰዓት ተሳካልኝ፤ ተከታዮቼም እየተንጠባጠቡ፣ ከፊሎቹ እስከ ዛሬ ሳይመጡ፣ ተሻገሩ።

ጽሑፎቼ ግን እዚያው ቀሩ። ማኅደራቸውን ማውረድ ይቻላል፤ ወደ አዲሱ አካውንት መጫን ግን አይቻልም። «ትዛወራላችሁ» የሚሉት ሰዎች ይህን ለምን አብረው ጮክ ብለው እንደማይናገሩ አይገባኝም። የተረፉልኝ በፋይል አውርጄ መልሼ የጫንኳቸው ዝርዝሮች ናቸው፦ የምከተላቸው ሰዎች፣ ያገድኳቸው ሰዎችና ለኋላ ንባብ ያስቀመጥኳቸው ጽሑፎች።

ስለዚህ እኔ ተጨነቁ እላለሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት የሰርቨሩን መግለጫ አንብቡ፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማን ነው? አስተዳዳሪው ቢታመም ቁልፉ በማን እጅ ነው? መልስ ካጣችሁ እለፉት። ዝርዝሮቻችሁን አሁኑኑ አውርዱ። የጽሑፎቻችሁ ማኅደር የሚጠየቀው በ7 ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለመጨረሻው ሰዓት አታቆዩት።

እ.ኤ.አ. በ2025 ስለመጣው የሌላን ሰው ጽሑፍ ጠቅሶ አስተያየት የመጻፍ አገልግሎትም አንድ ነገር ልበል። ነባሮቹ ተጠቃሚዎች ለመሳለቂያ ይውላል ብለው ለዓመታት ሲከራከሩበት ነበር። አሁን ማን ሊጠቅሳችሁ እንደሚችል የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ከተጠቀሳችሁ በኋላም ጽሑፋችሁን ከዚያ ማንሳት ትችላላችሁ። ለጀማሪ «ተከታዮች ብቻ» የሚለው ይበቃል፤ ሰፈሩን ስትለምዱት ትከፍቱታላችሁ።