ሞተሩ ጤነኛ ነው ተብሎ የተገዛው ጀልባ

ሐዋሳ ላይ በጀልባ ሽርሽር የሚተዳደር አንድ የወጣቶች ማኅበር፣ ለዓመታት ከሠራባቸው ትንንሽ የኋላ ሞተሮች አልፎ ሰፋ ያለ ጀልባ ለመግዛት ወሰነ። የተገኘው ጀልባ ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ፣ ሞተሩ 4.3 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ቤንዚን ነው። ሞተሩ ጀልባው ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ድራይቭ ደግሞ ከኋላው ግድግዳ ውጭ የሚንጠለጠልበት ዓይነት ነው፤ ኢንቦርድ አውትቦርድ ወይም ስተርንድራይቭ የሚሉት። ባሕር ላይ ሲሠራ ቆይቶ በጂቡቲ በኩል የገባ፣ ከዚያም ተሳቢው ላይ እንደተጫነ ድራይቩ ወደ ላይ ታጥፎ ረጅም ጊዜ ፀሐይ ላይ የቆመ ነበር።

ማኅበሩ ስመ ጥር የመኪና መካኒክ ይዞ ሄደ። መካኒኩ የዘይት መለኪያውን አየ፣ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ ለካ፣ ውሃ በጎማ ተሰጥቶት ሞተሩ ሲነሳ አዳመጠ። “ልጆቼ፣ ይሄ ሞተር እኮ ገና ነው፤ ሳይቀድሟችሁ ግዙ” አላቸው። “እሺ ጋሼ” ብለው ገዙ። ስለ ሞተሩ የተናገረው ትክክል ነበር። ጀልባው ግን ውሃ ላይ ባደረ በመጀመሪያው ሌሊት ኋላው ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ፣ ውሃው ሞተሪኖውን ሸፍኖ ተገኘ። ውሃ ማውጫው ፓምፕ ባትሪው እስኪያልቅ ሠርቶ ቆሟል። ያን ሁሉ ውሃ ያስገባው የአንድ ላስቲክ ስንጥቅ ነው።

ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ድራይቩ የሚሻገረው የኋላውን ግድግዳ ሰንጥቆ በሚያልፍ ዘንግ ነው። ድራይቩ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚንቀሳቀስ ዘንጉ ላይ እንደ መኪና ካርዳን ክሮቼራ፣ ማለትም እየተጣጠፈ የሚዞር መገናኛ፣ አለ። ክሮቼራውን የሚሸፍነው ባለ እጥፋት ላስቲክ ቤሎ ይባላል፤ ቦታው ከውሃው ወለል በታች ነው። እሱ ሲቀደድ ሐይቁ መጀመሪያ ክሮቼራውን፣ ቀጥሎ ዘንጉን የሚሸከመውን ኩሽኔታ ያገኛል፤ ከዚያ ወደ ጀልባው ሆድ ይገባል። ድራይቩ ለወራት ወደ ላይ ታጥፎ ከቆመ ላስቲኩ በተጨማደደበት ይደርቃል፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሲዘረጋ እጥፋቱ ሥር ይሰነጠቃል። የመኪና መካኒክ ይህን ክፍል አለማየቱ አያስገርምም፤ መኪና ላይ ቢቀደድ የሚፈሰው ግሪስ ብቻ ነው።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ድራይቩን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሱ፤ በባትሪ መብራት እያያችሁ እያንዳንዱን እጥፋት በጣት ከፍታችሁ ሥሩን ተመልከቱ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይመለስ ድርቀት፣ የዛገ ማሰሪያ ቀለበት ካለ ላስቲኩ አልቋል። ትልቁ ቤሎ ብቻውን አይደለም፤ አጠገቡ የጭስ ማውጫው ላስቲክና የማርሽ ኬብሉ ትንሽ ላስቲክ አሉ። ይህ ትንሹ የሚረሳ ነው፤ ውሃ ማስገባቱ ላይ ግን ከትልቁ አያንስም። ሻጩ መቼ እንደተቀየሩ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለው ሦስቱንም እንዳልተቀየሩ ቆጥራችሁ ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ከዚህ የተሻለው ድራይቩን አውርዶ ማየት ነው። መርክሩዘር የተባለው ኩባንያ የሚሠራው፣ አልፋ የሚባለው የተለመደ ድራይቭ በ6 ነት ነው የሚያዘው፤ ማርሹን ወደፊት አስገብቶ፣ ነቶቹን ፈትቶ፣ ሁለት ሰው ይዞት ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከወረደ በኋላ ጣት አስገብታችሁ ኩሽኔታውን አዙሩት፤ ሻካራ ከሆነ ወይም የዛገ ውሃ ከወጣ ይቀየራል። ክሮቼራዎቹን በእጅ አወዛውዙ፤ ክፍተት ሊኖራቸው አይገባም። የዘንጉ ጥርሶች አንድ ወገን ብቻ ከተበሉ ሞተሩ ከመቀመጫው ተንሸራቷል ወይም መቀመጫው ሰጥሟል ማለት ነው፤ ቀጥ መሆኑ በልዩ የማስተካከያ ዘንግ ካልተረጋገጠ አዲሱም ኩሽኔታ ቶሎ ይበላል። ባለቤቱ ድራይቩ እንዳይወርድ ከከለከለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ ሌላ ጀልባ መፈለግ ይሻላል። እዚህ ላይ መለሳለስ አያስፈልግም።

የድራይቩ ዘይት ደግሞ የውስጡን ጤና ይናገራል። ጀልባው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ማንም ሞተሩን ሳያስነሳ፣ የታችኛውን ቡሎን በትንሹ አላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል፤ ችግሩ ፓራዮሊ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) ሊሆን ይችላል፣ የተሰነጠቀ የድራይቩ ቤትም ሊሆን ይችላል። ቡሎኑ ጫፍ ላይ የሚለጠፍ ግራጫ ልቁጥ ጤነኛ ነው፤ በጣት የሚቆጠር የብረት ስባሪ ግን የማርሽ ጥርስ ነው። ስትሞሉት ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ፣ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይሁን፤ ከላይ ከተሞላ አየር ውስጡ ይቀራል።

ወደ ሞተሩ ስንመለስ፣ የማኅበሩ ጀልባ ባሕር ላይ የሠራ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም ነበር። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች ራዲያተር የላቸውም፤ የሚዋኙበትን ውሃ ስበው ብሎኩን ያቀዘቅዙና ከጭሱ ጋር ይተፉታል። ጨው የሚበላው ብረት በቅድሚያ የጭስ መሰብሰቢያዎቹንና በላያቸው የሚቀመጡትን ራይዘር የሚባሉ ክርኖች ነው። ራይዘር ውስጥ ጭስና ውሃ የሚለያቸው ስስ የብረት ግድግዳ ነው፤ ዝገት ሲበሳው ሞተሩ በቆመበት ሰዓት ውሃ ወደ ሲሊንደር ይንጠባጠባል። ቫልቩ ይዝጋል፣ ብዙ ከገባም ፒስተኑ ውሃውን ማመቅ ስለማይችል የፒስተኑ ክንድ፣ ቢዬላው፣ ይታጠፋል። ባሕር ላይ 5 ዓመት የሠራ ራይዘር ዕድሜው እንዳበቃ ይቆጠራል፤ እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ባለ ጨው አልባ ውሃ ግን ብዙ እጥፍ ይቆያል። ስለዚህ ካንዴላዎቹ ላይ ዝገት ፈልጉ፣ አንዱን ራይዘር አስፈትታችሁ የሚገናኝበትን ፊት እዩ፤ በመካከሉ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ አቋርጦ የሚሄድ የዝገት መንገድ ካለ ሁለቱንም ወገን ቀይሩ። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ራይዘሮቹን በእጅ ንኩ፤ እጅ የማያስቆም ሙቀት ወይም የግራና የቀኝ መለያየት መዘጋትን ያመለክታል። ጀልባው ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ከሆነ ብሎኩን ከጭስ መሰብሰቢያው ዝቅ ብሎ በመብራት ፈትሹት፤ በክረምት ውስጡ በረዶ የሆነ ውሃ ብረት ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁም በማጣበቂያ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቶ ሊሸጥ ይችላል።

እመቃው ሲለካም ቦታው መታወቅ አለበት። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የመለኪያው ንባብ በ15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በባሕር ጠለል ከፍታ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳይ ሲሊንደር እዚህ 127 ገደማ ቢያሳይ አልታመመም። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን እዩ፤ ዝቅተኛው ሲሊንደር ከከፍተኛው 70 በመቶ በታች ከወረደ ያ ሞተር ቴስታታው ይከፈታል።

ከፍታው ጉልበትንም ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ይጠፋል ተብሎ ይሰላል፤ 190 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 158 ነው። ስለዚህ ከባሕር የመጣው ፕሮፔለር ይከብደዋል። ጋዙ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ፣ መንገደኛ ተጭኖ፣ 4.3ቱ ከ4,400 እስከ 4,800 ዙር መድረስ አለበት። 4,000 ላይ ከቆመ ሞተሩ ደክሟል ብሎ ከመፍረድ በፊት ፕሮፔለሩን ማየት ነው፤ የፒች ቁጥሩ (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። 21 የነበረውን በ19 ወይም በ17 መቀየር ይበቃል። ከብዶት እንዲሠራ መተው ግን ፒስተን ያቃጥላል። ካርቡራተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ካንዴላው ይጠቁራል፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው ጂግለር በአነስተኛ ይቀየራል።

አሁን ለነፍስ የሚያሰጋው ነገር። ብሎኩ የጄኔራል ሞተርስ ስለሆነ ዲናሞውም ሞተሪኖውም ከመኪና ተነቅሎ ይገጥማል፤ እንዲገጥም ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መኪና ላይ ወደ መሬት ይበተናል፣ ጀልባ ላይ ግን ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታቸው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተደፍነው የተሠሩ ናቸው፤ የመኪናው ክፍት ነው። የነዳጅ ፓምፑና ካርቡራተሩም እንዲሁ ይለያሉ። ሳህናቸው ላይ ለጀልባ የተሠሩ መሆናቸው ካልተጻፈ፣ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ይቀየሩ። የሆዱን አየር የሚያወጣው ማራገቢያም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት 4 ደቂቃ ይሥራ።

የኋላው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ በፋይበርግላስ የተሸፈነ ፕላይውድ ነው። በመዶሻ እጀታ አንኳኩት፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ደንቆሮ ነው። ድራይቩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፉት ግድግዳው አብሮ ከተነቃነቀ ጀልባው አይገዛም።

ሙከራው ሐይቁ ላይ ሲሆን በቀዝቃዛ ሞተር ይጀመር፤ ስትደርሱ መሰብሰቢያው ለብ ካለ ቀድሞ ተነስቷል፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ውጡ። ማርሽ ስታስገቡ ሞተሩ ከጠፋ የታችኛው የማርሽ ኬብል ከብዷል። መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ፤ ስታዞሩ የሚበረታ ጉርምርምታ ኩሽኔታው ነው። ሙቀቱ እንደ ቴርሞስታቱ ከ60 እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቆያል። ስትመለሱ ዘይቱን ድጋሚ እዩ፣ የወለሉን ክዳን አንሱ። ከዚያ ጀልባው ዘበኛ ባለበት ታስሮ፣ ድራይቩ ወደ ታች ወርዶ፣ ፓምፑ ጠፍቶ አንድ ሌሊት ውሃ ላይ ይደር። ቀብዱ ከዚህ በኋላ ይከፈላል። ማኅበሩ ይህን አንድ ሌሊት ከግዢው በፊት ቢጠይቅ ኖሮ ወጪው የሻጩ ይሆን ነበር።

በመጨረሻ ስለ ዕቃ። የብሎኩ ጓርኒሲዮንና ማጣሪያ ይገኛል፤ የድራይቩ ግን ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የሚታዘዘውም በሴሪያል ቁጥሩ ነው። አልፋ በ1991 እ.ኤ.አ. ተለውጧል፤ የውሃ ፓምፑ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም። ኦኤምሲ የተባለ ሌላ ኩባንያ የሠራቸው ድራይቮች ርካሽ ሆነው ይቀርባሉ፤ ኩባንያው በ2000 እ.ኤ.አ. ስለከሰረ ዕቃቸው ያስቸግራል፣ ይቅሩባችሁ። ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ጋር ሦስቱን ላስቲኮች፣ ኩሽኔታውን፣ የውሃ ፓምፑን ኢምፔለር (ውሃ የሚገፋውን ተሽከርካሪ ላስቲክ) እና አኖዶቹን አስመጡ። አኖድ ከድራይቩ ይልቅ እሱ እንዲበላ የሚታሰር ቁራጭ ብረት ነው፤ ከባሕር የመጣ ጀልባ ላይ ዚንክ ነው የሚገኘው፣ ጨው በሌለው ውሃ ግን ዚንኩ ላዩ ደርቆ ሥራውን ያቆማል። ለሐዋሳ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ይሁን፤ ግማሹ ሲበላ ይቀየር፣ ቀለም አይቀባ።