ሥጋ ማልበስ፦ የስምንተኛው ወር የእንጨት ቅርጽ ልምምዴ

ባለፈው ያቆምኩት ጄሶ (እንጨቱ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የሚለብሰውን፣ በሙጫ የተበጠበጠ ነጭ ዱቄት) ከመቀባቴ በፊት ነበር። አዲስ ለመጣችሁ፣ የምለማመደው በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን የኪቶን (የዛሬዋን የኢኳዶር ዋና ከተማ) የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት የሞሉትን ባለቀለም የእንጨት ቅዱሳን አሠራር ነው። ልቤን የወሰደችው የኪቶው ጠራቢ በርናርዶ ደ ሌጋርዳ እ.ኤ.አ. በ1734 ለቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን የሠራት ድንግል ማርያም ናት። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 12 እንደምናነባት ሴት ክንፍ አላት፤ ዘንዶውን ረግጣ ስትቆም መላ ሰውነቷ ከዜማ ጋር የሚሄድ ይመስላል። በሥዕል ብቻ ባጌጠ ቤተ ክርስቲያን ላደግሁ ለእኔ፣ ዙሪያዋን የሚዞሯት ቅድስት አዲስ ነገር ነበረች።

እኔ የያዝኩት ግን አንድ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ እንጨቱ ዋንዛ።

ስምንት ጊዜ ጄሶ ቀባሁት። ሙጫውን ከቆዳ የምታዘጋጁ ሁሉ አደራ፣ አታፍሉት፤ ከፈላ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። ጄሶው ሲደርቅ ሁለት ወር የደከምኩበት የዐይን ሽፋን ጠፍቶ አገኘሁት። የከንፈሩም ጠርዝ ደንዝዟል። በጣም አዘንኩ። ደግሜ የኪቶን ቅርጾች ፎቶግራፎች ሳጤን ነው የገባኝ፦ የጥንቶቹ ጠራቢዎች ጄሶው እንደሚሞላው አውቀው አጥልቀው ይቆርጡ ነበር፤ ከዚያም የደረቀውን ጄሶ ራሱን በትንሽ ስለት ዳግም ይቀርጹታል። በስፔን ከተሞች ጠራቢውና ቀቢው የተለያየ ሙያ ነበራቸው። የፊት ሕይወት ግማሹ የቀቢው እንደሆነ አሁን አምናለሁ።

የቆዳውን ቀለም መቀባት ኤንካርናዶ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ሥጋ ማልበስ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅለትም። በጄሶው ላይ ስስ የዘይት ቀለም ይቀባና ሳይጠነክር እርጥብ በሆነ የበግ ፊኛ ይወለወላል፤ የብሩሹ ዱካ ጠፍቶ ቆዳው ከውስጥ ያበራል። ፊኛውን ያገኘሁት ለፋሲካ በግ ካረዱ ጎረቤቶቼ ነው። አጥቤ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩት። የመጀመሪያ ቀን ቸኩዬ ጉንጩን እስከ ጄሶው ላጥኩት። በሁለተኛው ሙከራ ቀለሙ ጣት ይዞ እስኪለቅ ታገሥኩ፤ ክብ ክብ እያደረግሁ፣ ሳልጫን ወለወልኩ። ጉንጩ ላይ ቀዩን የጨመርኩት ገና እርጥብ ሳለ ስለነበር ደም ከሥር የመጣ መሰለ። ከመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዤው ብዙ ቆምኩ።

የመስታወት ዐይን አልሞከርኩም። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ፊቱን እንደ ጭንብል ከፍለው ዐይኑን ከኋላ ያስገቡና መልሰው ያጣብቁት ነበር፤ ለዚያ እጄ ገና ነው።

ለልብሱ የሚሆነውን ኤስቶፋዶ፣ ማለትም በወርቅ ላይ ቀለም ቀብቶ የመፋቅ ዘዴ፣ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ሞከርኩ፦ ቀይ የሸክላ አፈር፣ በላዩ ስስ የወርቅ ወረቀት፣ በአጌት ድንጋይ ማለስለስ፣ ከዚያ በእንቁላል አስኳል የተበጠበጠ ሰማያዊ። ቀለሙ ሲደርቅ በሾለ እንጨት ስትፍቁት ወርቁ እንደ ጥልፍ ብቅ ይላል። በመርፌ አትሞክሩት፤ ወርቁንም ይዞ ይሄዳል።

አሁን የቅርጹን እጅ ጀምሬያለሁ። ጣቶቹን የምጠርበው ከሚፈለገው አቅጥኜ ነው፤ የስምንቱን ቅብ ውፍረት አስቀድሜ ቀንሼ።